የዓይን መቆጣት ፍተሻ፦ ከአረም መድኃኒት ምልክት እስከ ዋግ ልጆች ዓይን

ከእርሻ ግብዓት መደብር የአረም ማጥፊያ ጠርሙስ አንሥቶ ጀርባውን ያነበበ ሰው በቀይ መስመር የተከበበ፣ በአንድ ጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ሥዕል ያገኛል። በአንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ሥዕሉ ፈሳሽ በእጅና በብረት ላይ ሲንጠባጠብ፣ ሁለቱንም ሲበላ ያሳያል። በሌላው ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ብቻ አለ። ሁለቱም ምልክቶች ከሚናገሯቸው ነገሮች አንዱ ስለ ዓይን ነው። የመጀመሪያው ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ቢገባ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው ዓይኑ እንደሚቀላና እንደሚያብጥ፣ ነገር ግን እንደሚድን ይናገራል። ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ብዙ የአማራ ክልል ገበሬ በስሙ የሚያውቀው ቱ-ፎር-ዲ፣ በተለይ በጨው መልኩ ሲዘጋጅ፣ ዓይንን ክፉኛ ከሚጎዱት ወገን ነው። ይህ እንዴት ታወቀ? አብዛኛውን ጊዜ በጥንቸል ዓይን ላይ ተሞክሮ ነው።

ይህ ሙከራ በአማርኛ የተለመደ ስም የለውም። እዚህ የዓይን መቆጣት ፍተሻ እንበለው። አንድ ኬሚካል ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን ያህል እንደሚያስቆጣ፣ ቁጣውም በስንት ቀን እንደሚበርድ ወይም ጨርሶ እንደማይበርድ የሚለካበት የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። በፈልሳፊው ስም የድሬዝ ፍተሻ ተብሎም ይጠራል።

ማቃጠል፣ መለብለብ፣ መቆርቆር የሚሉትን ቃላት ለስሙ ያልመረጥኳቸው ሕመምተኛው ብቻ የሚያውቀውን ስሜት ስለሚናገሩ ነው። ጥንቸል አፍ አውጥታ አቃጠለኝ አትልም፤ መርማሪውም የሚመዘግበው በዓይኑ ያየውን ነው። የጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ብግነት ደግሞ ለሳንባም ለመገጣጠሚያም የሚያገለግል ሰፊ ቃል ነው። መቆጣት ግን እናቶች ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ «ተቆጣ» የሚሉት፣ ሌላ ሰው ዳር ቆሞ ሊያየው የሚችለው ነገር ነው። ከዚህም በላይ ቁጣ ይበርዳል። የዛሬው ሳይንሳዊ ምደባ የተመሠረተውም በዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ በ21 ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ኬሚካሉ የሚያስቆጣ ይባላል፣ ካልተመለሰ ግን የሚጎዳ ተብሎ በሌላ ምድብ ይገባል። ስለዚህ መቆጣትና መጎዳት በጠርሙስ ላይ ሲጻፉ ሊምታቱ አይገባም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጭ የላቦራቶሪ ጥንቸል ትመረጣለች፤ ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ቀለምም ስለሌለው መቅላቱ ጎልቶ ይታያል። የአንድ ዓይኗ የታችኛው ቆብ ቀስ ተብሎ ይሳብና 0.1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ዱቄት ከሆነ ከ100 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ሌላው ዓይኗ ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ይተዋል። ከዚያ በኋላ በ1፣ በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ይታያል፤ ካልዳነም እስከ 21 ቀን ክትትሉ ይቀጥላል። ነጥብ የሚሰጠው ለሦስት የዓይን ክፍሎች ነው፦ እንደ መስኮት ብርሃን ለሚያስገባው ለፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን ለኮርኒያ፣ በብሌኑ ዙሪያ ላለው ባለ ቀለም ቀለበት ለአይሪስ፣ እንዲሁም ነጩን የዓይን ክፍልና የቆቡን ውስጥ ለሚያለብሰው ስስ ገለፈት። በመጀመሪያው የድሬዝ ሠንጠረዥ ከፍተኛው ድምር 110 ሲሆን 80ው ለኮርኒያ፣ 20ው ለገለፈቱ፣ 10ሩ ለአይሪስ የተመደበ ነው። ኮርኒያ ከደፈረሰ ማየት ስለሚቀር ሚዛኑ ወደዚያ ማድላቱ ትክክል ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው መኳኳያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ለገበያ ቀረበ። ውስጡ ለፀጉር ማጥቆሪያ የሚያገለግል ኃይለኛ ኬሚካል ነበረበት። ሴቶች ዓይናቸው ታመመ፣ የታወሩም ነበሩ፣ ቢያንስ አንዲት ሴት ሞተች። በጊዜው የነበረው ሕግ መኳኳያን ስለማይመለከት መንግሥት ምርቱን ከገበያ ማንሣት አልቻለም። ሥልጣኑን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው አዲስ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመኳኳያ ሕግ ነው። ሕጉ ሲወጣ ደግሞ መለኪያ አስፈለገ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባልደረባ የነበረው ጆን ድሬዝ ከዉዳርድና ከካልቨሪ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተመው ጽሑፍ ይህን መለኪያ ሰጠ። መኳል ለእኛም የቆየ ነገር ነውና አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ልጨምር። አንዳንድ ኩል ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራ ነው። የዓይን መቆጣት ፍተሻ ግን እርሳስ ወደ ልጅ ደም መግባት አለመግባቱን አይለካም። ዓይንን አላስቆጣም ማለት ጤናማ ነው ማለት አይደለም።

ፍተሻው ሲነሣ ጀምሮ ጉድለት ነበረበት። የጥንቸል ዓይን የሰው ዓይን አይደለም፤ ሦስተኛ ቆብ አለው፣ ኮርኒያው ከሰው የሳሳ ነው፣ እንባው ጥቂት ነው፣ እምብዛም አይርገበገብም። እ.ኤ.አ. በ1971 ዌልና ስካላ የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ኬሚካሎችን ለ20 እና ከዚያ በላይ ላቦራቶሪዎች አከፋፍለው ውጤቱን ሲያወዳድሩ፣ አንዱ ቤት ክፉ ያለውን ሌላው ቤት ምንም አይልም ያለበት ሁኔታ ተገኘ። ነጥቡን የሚሰጠው የሰው ዓይን ነውና አያስደንቅም። ሕመም ደግሞ ከናካቴው ነጥብ የለውም። በርበሬ ስትደልዝ የዋለች ሴት እጇን ሳትታጠብ ዓይኗን ብትነካ የምታየው ሥቃይ ለማንም የሚነገር አይደለም፤ ሆኖም ኮርኒያዋ ሳይደፈርስ ያልፍላታል። ኖራ በተቃራኒው ነው። ኖራና ሌሎች ቤዝ የሆኑ ነገሮች የሕዋሱን ስብ ወደ ሳሙናነት እየለወጡ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። ብዙዎቹ አሲዶች ግን የፊተኛውን ፕሮቲን ስለሚያረጉት የረጋው ራሱ ጥቂት ይከላከላል። ስለዚህ የማቃጠሉ መጠንና የጉዳቱ መጠን አንድ አይደሉም፤ ሠንጠረዡ የሚያውቀው ጉዳቱን ብቻ ነው።

ለእንስሳቱ መቆርቆር ከሳይንሱ ጥያቄ ጋር የተገናኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሄንሪ ስፓይራ የተባለ የኒው ዮርክ መምህርና የሠራተኛ ማኅበር ታጋይ በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ፤ የመኳኳያ ኩባንያው ሬቭሎን ለውበት ሲል ስንት ጥንቸል እንደሚያሳውር የሚጠይቅ ነበር። ኩባንያው ሌላ ዘዴ እንዲፈለግ ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ 750,000 ዶላር ሰጠ፤ በዓመቱ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ሥራ ማዕከል ተከፈተ። በዚያው በ1981 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ፍተሻውን መመሪያ ቁጥር 405 ብሎ ደነገገው። መመሪያው ከዚያ ወዲህ እየለዘበ መጥቷል። አሁን መጀመሪያ በአንዲት ጥንቸል ላይ ብቻ ይሞከራል፣ ከሦስት በላይም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህም ማደንዘዣና የሕመም ማስታገሻ አስቀድሞ እንዲሰጥ ታዟል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ፍተሻ ታሪክ ከሬቭሎን ይልቅ የሚቀርበው በእንዶድ በኩል ነው። በሰሜኑ ደጋና ወይና ደጋ ሳሙና ሳይመጣ ጋቢና ነጠላ ሲያነጣ የኖረው እንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውን የሚሰጡት ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሲወቀጥ አቧራው ያስነጥሳል፣ ዓይንም ይለበልባል። ሳፖኒን የሕዋስን ልባስ ስለሚያፈርስ ይህ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የብልሃርዚያ በሽታ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተከማችተው አዩ። አረፋው ሕያው ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲሞከር እነዚያም ሞቱ። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ግኝቱ ትልቅ ነበር። በአድዋ ከተማ ለአምስት ዓመታት ያህል ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ አካባቢ ወረደ፤ በትንንሾቹ ሕፃናት መካከል ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ።

ይሁን እንጂ የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች ለጋሾች እንዶድን በሰፊው ከመደገፋቸው በፊት ሙሉ የመርዛማነት መረጃ ጠየቁ፤ በአፍ ሲወሰድ፣ ቆዳ ሲነካ፣ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ዓሣና ሌላውን ፍጥረት ሲያገኝ። ለዘመናት የታጠበበት ነው የሚለው መልስ አልበቃም። በአገር ቤት እውቅና ያለው የፍተሻ ላቦራቶሪ ስላልነበረ ሥራው ወደ ውጭ ሄደ፤ በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተካሄደው የደኅንነት ምርመራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። እንዶድ ዘር የሚለውጥ መርዝ ሆኖ አልተገኘም፤ ዓይንን የሚያስቆጣ መሆኑ ግን ተመዘገበ። አጣቢዎቹ ያወቁት ነገር በነጥብ ተጻፈ ማለት ነው። ከአድዋው ትዝብት 27 ዓመት አልፎ ነበር። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል፤ ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። የሠሩበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ ስማቸውን ይዟል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚተርከው የነጭ ሳይንቲስት ንቀት አድርጎ ነው፤ ዶክተር አክሊሉም በዘመናቸው የተሰማቸውን ምሬት አልደበቁም። እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ወንዝ ውስጥ የሚረጭን ዱቄት ሠራተኛው በእጁ ሲበትነው ዓይኑ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ንቀት አይደለም። ያስቀረን የጥያቄው መልስ የሚገኝበት ቤት በእጃችን አለመኖሩ ነው። ዛሬ በጎንደርም በአዲስ አበባም የባህል መድኃኒት የሚመረምሩ ሰዎች በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት መመሪያዎች መሠረት አይጥ ላይ የመርዛማነት ፍተሻ ያካሂዳሉ፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

አሁን በአማራ ክልል ወደምትገኘው ወደ ዋግ ኽምራ እንለፍ። የዋግን ስም አገር የሚያውቀው በዋና ከተማዋ ስም በተጠራው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው። ስለ ዓይን ስናወራ ግን ዋግ በሌላ ነገር ትነሣለች። ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ሸክም ካለባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ በአገሪቱ ደግሞ የአማራ ክልል በጣም የተጎዳው ነው። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በክልሉ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ከ10 ስድስት ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በየጊዜው ሲመላለስ የዓይን ቆብ ውስጠኛው ክፍል ጠባሳ ያወጣል፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ይፍቃል። ለዚህ ነው በደጋው ብዙ እናት ወረንጦ ከመቀነቷ የማይለየው። በየዓመቱ በጅምላ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ብዙ ቦታ በሽታውን ቢቀንስም እንደ ዋግ ባሉ አካባቢዎች አልጠፋም።

ለዚህም ነው አንድ ትልቅ ጥናት ወደዚያው የሄደው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በሰቆጣ ዙሪያ፣ በደሃናና በጋዝጊብላ ወረዳዎች 40 የመንደር ስብስቦች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተሻሻለ የውኃ ቦታ፣ በየቤቱ የመታጠቢያ ሥፍራ፣ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት አገኙ፤ ሌሎቹ በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ በልጆቹ ዓይን ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላሳየም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም ብዙ ሰው አዝኗል፤ ትርጉሙ ግን ፊት መታጠብ ከንቱ ነው ማለት አልነበረም። ውኃና ሳሙና ብቻውን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ በዚያ ሁኔታ አልበቃም ማለት ነው።

ይህን ያመጣሁት ስለ ሳሙናው ነው። ተራ ሳሙና ቤዝ ነው፤ የፒ ኤች መጠኑ ከ9 እስከ 10 ሲደርስ የእንባ ግን 7.4 አካባቢ ነው። ልጅ በሳሙና ፊቱ ሲታጠብ የሚያለቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ጤነኛ ዓይን በእንባው ጠራርጎ ይገላገላል። መመሪያ ቁጥር 405 ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ያዛል፦ ከፍተሻው በፊት ባሉት 24 ሰዓታት የጥንቸሏ ሁለት ዓይኖች ይመረመራሉ፤ የመቆጣት ምልክት፣ ጉድለት ወይም የኮርኒያ ቁስል ያለባት ሁሉ ትወጣለች። ለሳይንሱ ተገቢ ነው፤ በታመመ ዓይን ላይ ምን ከምን እንደመጣ መለየት አይቻልም። ለዋግ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ምልክቱ የተለካበት ዓይን ጤነኛ ዓይን ነው፤ አረም ማጥፊያውን የሚረጨው ገበሬ ግን ቆቡ ጠባሳ ያለበት፣ ኮርኒያው በፀጉር የተፋቀ ሊሆን ይችላል። «ያስቆጣል፣ ይድናል» የሚለው ምልክት ስለ እሱ ዓይን የተነገረ አይደለም። ምልክቱ የሚለው ዝቅተኛውን አደጋ ነው ብሎ መውሰድ ይሻላል።

ደግነቱ ፍተሻው ዛሬ የግድ ሕያው ጥንቸል አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ዘዴዎች ተቀባይነት አግኝተዋል፤ አንዱ ከቄራ በሚገኝ የከብት ዓይን፣ ሌላው ከቄራ በሚገኝ የዶሮ ዓይን የሚሠራ። የከብቱ ዘዴ ለእኛ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ለሥጋ ከታረደ ከብት ኮርኒያው ይወሰድና በመያዣ ውስጥ በ32 ዲግሪ ይቆያል። ፈሳሽ ኬሚካል ለ10 ደቂቃ፣ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ለ4 ሰዓት ይቀመጥበታል። ከዚያ ብርሃን ምን ያህል እንደሚያልፍ፣ የሚያበራ ቀለምም ምን ያህል እንደሚሰርግ በመሣሪያ ይለካል። ከሁለቱ የሚወጣው ቁጥር ከ55 በላይ ከሆነ ኬሚካሉ ዓይን ይጎዳል ተብሎ ይመዘገባል፤ 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምልክት አያስፈልገውም። መካከሉ ላይ ያለው ሌላ ፍተሻ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከሰው ሕዋስ ላቦራቶሪ ውስጥ የበቀለ ሽፋን የሚጠቀም መመሪያም አለ፤ በ2022 ደግሞ ዘዴዎቹ እንዴት ተጣምረው ጥንቸሉን እንደሚተኩ የሚናገር መመሪያ ወጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት የተፈተሸ መኳኳያ እንዳይሸጥ ከመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል።

ከአፍሪካ በከብት ቁጥር ቀዳሚ የሆነች አገር በየቄራው የምትጥለው ዓይን ስንት ይሆን? ሳሙና፣ በረኪና፣ ሻምፑና ፈሳሽ ማጽጃ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በዝተዋል። መኳኳያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን አለው፤ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችም በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ሳይመዘገቡ አይሸጡም። የከብት ኮርኒያ ፍተሻን ለመጀመር ውድ የእንስሳት ማቆያ አያስፈልግም፤ በአቅራቢያው ያለ ቄራ፣ የብርሃን መለኪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይበቃዋል። እንዶድ 27 ዓመት የጠበቀው መልስ ለሚቀጥለው የአገር ቤት ዕፅ በወራት ውስጥ እዚሁ ሊገኝ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ሥራ ቢጀምሩት ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም፤ ደፍረው አለመጀመራቸው ይገርመኛል።

ምልክቱን የሚጽፉም ሆኑ የሚያነቡ ሁለት ሐረጎችን ቢለዩ ጥሩ ነው። «ዓይን ያስቆጣል» የሚበርድ ነው፤ «ዓይን ይጎዳል» የማይመለስ ነው። በዋግ ደግሞ አማርኛው ብቻ ስለማይበቃ በኽምራ አገው ቋንቋም መነገር አለበት። ለሚረጩ ገበሬዎች ያለኝ ቃል አጭር ነው። ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ አይታሽም፤ ወተትም ቅቤም አይጨመርበትም። ቆቡን ከፍቶ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማፍሰስና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስም ይዞ። በዋግ ምንጩ ሩቅ ሊሆን ስለሚችል ርጭት ከመጀመራችሁ በፊት ንጹሕ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማሳው ዳር አስቀምጡ።